ለፓይለት ካርታ የራሴን ምልክት ልፍጠር?

ጥያቄ፦ “የ27 ዓመት ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ከሁለት የበረራ ተማሪ ጓደኞቼ ጋር ሆነን በታብሌት የሚሠራ የበረራ ካርታ እያዘጋጀን ነው። አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ያሳያል። በዙሪያው ያሉትን ኤርፖርቶች፣ የራዲዮ ጣቢያዎች፣ ተራሮችና ረጃጅም ማማዎችም ያሳያል። የወረቀት ቻርቱ፣ ማለትም የታተመው የበረራ ካርታ፣ ምልክቶች ያረጁ ስለመሰሉኝ በራሴ ዘመናዊ ምስሎች ሣልኩ። ለኤርፖርት ትንሽ አውሮፕላን፣ ለራዲዮ ጣቢያ አንቴና፣ ለከፍተኛ ተራራ ቀይ ቀለም አደረግሁ። አንድ ነጥብ ሲነካ ውስጡ በቀለም ይሞላል፣ በክብም ይከበባል። ጓደኞቼ በጣም ወደውታል። ለመሆኑ ግዴታ የሆነ ዓለም አቀፍ የምልክት ደረጃ አለ? ቀለሙንስ በምን ልምረጥ? ጽሑፎቹን በአማርኛ ባደርጋቸው ችግር አለው?”

ምላሽ፦ ከሣልካቸው ምስሎች አብዛኞቹን መተው አለብህ። ስለማያምሩ አይደለም፣ ሊያምሩ ይችላሉ። ችግሩ አብራሪው ምንነታቸውን ለማወቅ ቆም ብሎ ማሰብ የሚኖርበት መሆኑ ነው። ካርታህን የሚያየው ደግሞ በመሣሪያዎቹ፣ በራዲዮውና በውጭው እይታ መሃል በሚያገኛት አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት “ይሄ ምን ነበር?” ማለት የለበትም። ላንተ ያረጁ የመሰሉህ ቅርፆች እሱ ጭንቅላት ውስጥ ከመጀመሪያው የክፍል ትምህርት ጀምሮ ተቀምጠዋል። አዲስ አስፋልት የሠራ ኮንትራክተር የ“ቁም” ምልክትን በራሱ ዲዛይን አይቀይርም።

ደረጃ አለ ወይ ላልከው፣ አለ። ግን አንድ ወጥ ሰነድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው አባሪ 4 የሚባል ሰነድ አለ። በየጊዜው ይሻሻላል። የአየር ካርታዎችን ይዘትና ምልክት የሚደነግገው እሱ ነው። የተጀመረው ለታተመ ካርታ ነው። አገሮችም ልዩነታቸውን አሳውቀው በራሳቸው መንገድ መሄድ ይችላሉ። የአሜሪካ ቻርቶች በአንዳንድ ምልክቶች ከኢካኦ የሚለዩት ለዚህ ነው። ለኤሌክትሮኒክ ስክሪን ኤስኤኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ኤአርፒ 5289 የሚል ሰነድ አዘጋጅቷል። ይህ የምክር ሰነድ እንጂ ሕግ አይደለም። ሆኖም ቅርፆቹን ከባዶ ከመጀመር ያድንሃል።

እውነተኛው ኮክፒት፣ የአብራሪዎቹ ክፍል፣ ውስጥ ስትገባ ነገሩ ይወሳሰባል። በኤርባስ የበረራ ካርታ ስክሪን ላይ ባዶ ሦስት ማዕዘን ማለት ኤንዲቢ የሚባለው የድሮ የራዲዮ ጣቢያ ነው። ቻርቱ ላይ ግን ሦስት ማዕዘን የሪፖርት ማድረጊያ ነጥብ ነው፣ ማለትም አብራሪው ያለበትን ለተቆጣጣሪው በራዲዮ የሚያሳውቅበት። ተራውን የመንገድ ነጥብ፣ ዌይፖይንት የምንለውን፣ ኤርባስ በዳይመንድ ቅርፅ፣ ቦይንግ ባለ አራት ጫፍ ኮከብ አድርገው ያሳያሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 የኤርባሱን ኤ350 ካስገባ ወዲህ ሁለቱንም ዓይነት ስክሪን ይጠቀማል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር አብራሪ ልዩነቱን በስልጠናና በሲሙሌተር ይላመደዋል። አንተ የምታመጣውን ሦስተኛ ዓይነት የሚያሰለጥነው ግን ማንም የለም። ስለዚህ ምርጫህ ቀላል ነው። ተጠቃሚዎችህ ተማሪዎች ናቸው። በእጃቸው ያለው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚያወጣው ቻርት ነው። እሱ ደግሞ ኢካኦን ይከተላል። አንተም እሱን ተከተል።

ይህ ማለት ቪኦአር የሚባለው፣ ለአብራሪው አቅጣጫ የሚሰጠው የራዲዮ ጣቢያ፣ ባለ ስድስት ጎን ይሆናል። ርቀት መለኪያ፣ ማለትም ዲኤምኢ፣ አብሮት ካለ ስድስት ጎኑ በአራት ማዕዘን ውስጥ ይገባል። ኤንዲቢ በነጥቦች የተሞላ ክብ ነው። የጂፒኤስ ዌይፖይንት ባለ አራት ጫፍ ኮከብ ነው። የምትሣለው ሁሉ ባለ አንድ ቀለም፣ ጥርት ያለ መስመር ይሁን። ጥላ፣ ማንጸባረቅ፣ ሦስት አቅጣጫ ያለው መልክ አያስፈልግህም። ጥላ የምልክቱን ጠርዝ ያደበዝዛል። አብራሪው የሚለየው ደግሞ በጠርዙ ነው።

የአንቴናህ ምስል ሌላም ችግር አለበት። ቪኦአርም ኤንዲቢም ዲኤምኢም ሁሉም አንቴና አላቸው። የሞባይል ማማም አንቴና አለው። አብራሪው ማወቅ የሚፈልገው ጣቢያው ምን እንደሚመስል አይደለም። ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጠው ነው። የኤርፖርቱ ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በካርታህ ላይ አውሮፕላን የሚመስል ነገር አንድ ብቻ ሊሆን ይገባል፣ እሱም አብራሪው ራሱ ያለበት አውሮፕላን ነው። ለኤርፖርት ክብ አድርግ፣ ማኮብኮቢያው በትክክለኛ አቅጣጫው በመስመር ይታይበት።

አሁን ከጥያቄህ ውስጥ በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። “ነጥብ ሲነካ ውስጡ ይሞላል፣ በክብም ይከበባል” ብለሃል። በስልክ አፕ ላይ ይህ የተለመደ ነው። በአየር ካርታ ላይ ግን ሁለቱም ቀድሞ የተያዘ ትርጉም አላቸው። ውስጡ ባዶ የሆነ ሦስት ማዕዘን “ስትጠየቅ ሪፖርት የምታደርግበት ነጥብ” ማለት ነው። ውስጡ የተሞላው ግን “የግድ ሪፖርት የምታደርግበት” ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪው ነጥቡን በጣቱ ሲነካው አንተ ሳታስበው የነጥቡን ዓይነት ቀየርከው። ክቡም እንዲሁ ነው። ባለ አራት ጫፍ ኮከብ ብቻውን ሲሆን አውሮፕላኑ ነጥቡ ጋ ሳይደርስ መታጠፍ ጀምሮ ወደ ቀጣዩ መስመር ይገባል። ኮከቡ በክብ ከተከበበ ግን መጀመሪያ ነጥቡ ላይ ማለፍ፣ ከዚያ መታጠፍ ነው። የሁለቱ መታጠፊያ መሬት ላይ የሚይዘው ቦታ በጣም ይለያያል። ተራራ ባለበት አካባቢ ይህ ልዩነት የዋዛ አይደለም።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ያለው የቮልፒ የትራንስፖርት ማዕከል ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ፣ ለኤፍኤኤ፣ በኤሌክትሮኒክ ካርታ ምልክቶች ላይ ጥናት ሠርቷል። አብራሪዎች የትኛውን ቅርፅ ከምን ጋር እንደሚያያይዙት ብቻ አላዩም። የመሞላትና የመከበብ ዓይነት ሕጎችን ምን ያህል እንደሚያውቋቸውም አይተዋል። ዲዛይነሮች ብዙ ጊዜ የሚያተኩሩት ዋናው ቅርፅ ላይ ነው። ስህተቱ ግን የሚገባው በእነዚህ ተጨማሪዎች በኩል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የተነካውን ነጥብ ለማሳየት ምልክቱን ራሱን አትንካው። ከጎኑ የጽሑፍ ሳጥን ይውጣ። ወይም ስሙ የተጻፈበት ቦታ ከኋላው ይድመቅ። ቅርፁ፣ ሙሌቱና ዙሪያው እንዳለ ይቆይ።

መጠኑን በተመለከተ “ትልቅ ይሁን” ብቻ አይበቃም፣ ማስላት ትችላለህ። ጤነኛ ዓይን ሊለየው የሚችለው ትንሹ ነገር አንድ የዲግሪ ደቂቃ ያህል ነው፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ 60ኛ። በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይህ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብዙ ታብሌቶች በአንድ ኢንች 264 ፒክሰል አላቸው። አንዱ ፒክሰል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ባለ አንድ ፒክሰል መስመር ጠረጴዛህ ላይ ጎንበስ ብለህ ስታየው ያምራል፣ በሚንቀጠቀጥ ትንሽ የሴስና አውሮፕላን ውስጥ ግን የለም ማለት ነው። ቪኦአርን ከቪኦአር ዲኤምኢ የሚለየው ያ አራት ማዕዘን መስመር ቢያንስ ሦስትና አራት ፒክሰል ይሁን። ጠቅላላ ምልክቱ ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ። እኔ 5 ነው የምመክርህ። በጣት የሚነካው ቦታ ደግሞ ከምልክቱ ይስፋ፣ ምልክቱን ግን ለጣት ብለህ አታግዝፈው። ካርታው ሲቀርብና ሲርቅም የምልክቱ መጠን አይለወጥ። ከካርታው ጋር አብሮ መስፋትና መጥበብ ያለበት ማኮብኮቢያውና የአየር ክልል ድንበሩ ነው።

ካርታው በበረራ አቅጣጫ እንዲዞር ካደረግክ ደግሞ ጽሑፎቹና ምልክቶቹ ቀጥ ብለው ይቆዩ። የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ሌላ ነገር ይመስላል። የሚዞሩት ትክክለኛ አቅጣጫ ያላቸው ብቻ ናቸው፣ እንደ ማኮብኮቢያና መስመር።

ቀለምን በተመለከተ ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ትርጉሙ በቅርፁ ይቁም፣ ቀለም ደጋፊ ይሁን። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ወንዶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በአውሮፓውያን ዝርያ ወንዶች ዘንድ 8 በመቶ ያህል ናቸው። በኃይለኛ ፀሐይ ሥር ደግሞ ስክሪን ላይ ቀለም መለየት ለማንም ሰው ይከብዳል። ደማቅ ሰማያዊን ለቀጭን መስመርና ለትናንሽ ፊደል አትጠቀም። ብርሃኑ ደካማ ነው፣ ዓይንም በደንብ አያተኩርበትም። ለውሃ ወይም ለሰፊ ቦታ ሙሌት ይሆናል። ጥሩ ምሳሌ ከፈለግክ የአውሮፕላኖችን መጋጨት የሚከላከለውን ቲካስን እይ። አሁኑኑ መውጣት ወይም መውረድ የሚያስፈልግበት አውሮፕላን ቀይ የተሞላ አራት ማዕዘን ነው። የሚያሳስበው ብርቱካናማ ወይም ቢጫ የተሞላ ክብ ነው። ቀረብ ያለው የተሞላ ዳይመንድ፣ ሌላው ባዶ ዳይመንድ ነው። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ቢሆን እንኳ አራቱን ትለያቸዋለህ። የራስህን ካርታ በጥቁርና ነጭ አትመህ እየው። የማትለየው ነገር ካለ በቀለም ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ቀይን ግን ከፍ ላለ ተራራ ሁሉ መስጠት አትችልም። የትላልቅ አውሮፕላኖች ደንብ፣ በአሜሪካም በአውሮፓም፣ ቀይን አፋጣኝ እርምጃ ለሚሻ ማስጠንቀቂያ፣ ብርቱካናማና ቢጫን ለጥንቃቄ ይዞታል። ያንተ ታብሌት በዚህ ሕግ አይገዛም ይሆናል። የተማሪው ዓይን ግን በዚሁ ሕግ ይሠለጥናል። በእኛ አገር ደግሞ ችግሩ ይጎላል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ዳናክል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለቆላ አገር የተዘጋጀ የከፍታ ቀለም ወስደህ ብትቀባ ደጋው በሙሉ ጥቁር ቡናማ ወይም ቀይ ይሆናል። ተማሪው ከቦሌ ገና ሳይነሳ ቀይ ውስጥ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀዩን ማየት ያቆማል። ያኔ እንጦጦ በእውነት ከፊቱ ሲቆም ምንም የሚነግረው ቀለም አይኖርህም።

ስለዚህ ሁለቱን ለይ። የመሬቱን ቅርፅ የሚያሳየው ቀለም ፈዛዛ ይሁን፣ ለኢትዮጵያ ከፍታ ተብሎ የተከፋፈለ። ቀይና ቢጫው ግን ከአውሮፕላኑ ከፍታ ጋር እየተነጻጸረ የሚመጣ ይሁን። ከፍ ስትል ይጥፋ፣ ዝቅ ስትል ይምጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የጂፒኤስ ከፍታና ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካው የአልቲሜትር ከፍታ አንድ አይደሉም። ከየትኛው እንደወሰድክ ስክሪኑ ላይ ጻፈው። የማማዎችንም ነገር አትርሳ። ኢካኦ ለመሰናክል ሁለት ቁጥር ያስቀምጣል፦ የጫፉ ከባሕር ጠለል ከፍታ፣ ቀጥሎ በቅንፍ ከመሬት ያለው ቁመት። ቦሌ አካባቢ 60 ሜትር ማማ ቢቆም ጫፉ ከ2,360 ሜትር በላይ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ ብታሳይ ተማሪው የትኛውን እንዳየ በግምት ይወስናል። ሁለቱንም አሳይ።

የራስ አውሮፕላን ምልክት ላይ ብዙ አፖች ይሳሳታሉ። ሹል ጫፍ ያለው ምልክት “ወደዚህ እየሄድክ ነው” ይላል። አቅጣጫውን የምታገኘው ከጂፒኤስ ከሆነ አውሮፕላኑ ሲቆም መረጃው ዋጋ የለውም፣ ጫፉም ያለ ምክንያት ይሽከረከራል። ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የበረራ ታብሌቶች መመሪያ ለዚህ መልስ አለው። የአቅጣጫ መረጃ ከሌለ ምልክቱ አቅጣጫ ወደማያሳይ ክብ ይቀየር ይላል። ቦታው ራሱ ከጠፋ ደግሞ ምልክቱን አንሳው። የመጨረሻውን ቦታ ይዞ የቆመ ምልክት ከባዶ ስክሪን የከፋ ነው፣ ምክንያቱም አብራሪው ያምነዋል። የራስ አውሮፕላኑ ምልክት በሌላ ምልክት ወይም ጽሑፍም በፍጹም አይሸፈን።

መጨናነቅን ለመቀነስ ካርታው ሲርቅ አንዳንድ ነገር መደበቅህ አይቀርም። ይህ ትክክል ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉን አስብበት። በተያዘው መስመር ላይ ያለ ነጥብ በምንም ርቀት አይደበቅ። የተደበቀ ነገር ካለም ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1995 ከማያሚ ወደ ኮሎምቢያዋ ካሊ ይበር የነበረው የአሜሪካን ኤርላይንስ 965 ተራራ ላይ ወድቆ 159 ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የአብራሪዎቹም ውሳኔ አለበት። ግን ከሰንሰለቱ ሁለቱ ቀለበት የኛ ሙያ ነው። በቀጥታ ወደ ካሊ የሚል ትእዛዝ ሲገባ መሃል ያሉት ነጥቦች ከስክሪኑ ጠፉ፣ አብራሪዎቹ የሚፈልጉትን ነጥብ ጨምሮ። ቀጥሎም ሮዞ የተባለው ጣቢያ ቻርቱ ላይ “አር” በሚል አንድ ፊደል ሲለይ፣ ኮምፒውተሩ በዚያ ፊደል ቦጎታ አጠገብ ያለ ሌላ ጣቢያ ሰጣቸው። አውሮፕላኑም ወደዚያ ዞረ። ወረቀቱና ስክሪኑ አንድን ነገር በሁለት ዓይነት መንገድ ሲያሳዩ የሚመጣው ይህ ነው።

ስለ አማርኛው የማምንበትን ልንገርህ። ሜኑው፣ ማብራሪያው፣ የስህተት መልእክቱ በአማርኛ ቢሆን ደስ ይለኛል። ለተማሪም ይጠቅማል። የጣቢያና የነጥብ መለያ ፊደሎች ግን በላቲን እንዳሉ ይቆዩ። ተማሪው ከተቆጣጣሪው በራዲዮ የሚሰማው፣ ቻርቱ ላይ የሚያየውና ስክሪኑ ላይ የሚያነበው አንድ መሆን አለበት። የካሊው ጣቢያ ችግር የዚሁ ዘመድ ነው።

የጓደኞችህን “ወደነዋል” እንደ ፈተና አትቁጠረው። አብረውህ የሠሩት ናቸው፣ ደግሞም መውደድና ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ምልክቱን ብቻውን ነጭ ገጽ ላይ አታሳይ። ሙሉ ካርታ ውስጥ አስገብተህ ለሁለት ሰከንድ አሳይና ዝጋው። “ምን ነበር?” በል። ቀጥሎ “ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?” በል። ያመነታ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያረጋግጣል። በእርግጠኝነት የተሳሳተ ግን አያረጋግጥም፣ የምትፈልገው እሱን ነው። የትኛው ምልክት ከየትኛው ጋር እንደተምታታ በሰንጠረዥ ያዝ። የምትፈትናቸው ሰዎች ጀማሪዎችም ነባሮችም ይሁኑ። በኢካኦ ቻርት የተማሩም በአሜሪካ ቻርት የተማሩም ይኑሩበት። አንዴ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ፣ አንዴ ማታ ብርሃኑን ዝቅ አድርገህ ሞክር።

ለራስህ ፈጠራ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው፣ ግን አለ። የተለመደ ምልክት ለሌለው ነገር አዲስ መሥራት ትችላለህ፣ ለምሳሌ ተማሪው ራሱ ለሚያስቀምጠው ማስታወሻ። ያኔም ከነባሮቹ ቅርፆች ጋር የማይመሳሰል ይሁን፣ ሲነካም ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይናገር።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። የኢካኦን ቅርፆች እንዳሉ ውሰድ፣ ኤአርፒ 5289ን ለስክሪን አሣሣሉ ተጠቀም፣ የመንካት ምላሹን ከምልክቱ አውጣ፣ ቀዩን ከመሬቱ አንሳ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካርታህ የልምምድና የጥናት መሣሪያ ነው እንጂ የበረራ መምሪያ አይደለም። አየር መንገዶች ታብሌት ኮክፒት ውስጥ የሚያስገቡት በሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ነው። ካርታህ ሲከፈት የልምምድ መሣሪያ ብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የአየር መረጃም በየ28 ቀኑ ነው የሚታደሰው። የመረጃው ማብቂያ ቀን ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ይታይ፣ ቀኑ ካለፈም ተማሪው አይቶ ካላረጋገጠ በቀር ካርታው አይከፈት።